ስድስት ሰረዝ

ሁዌ ላይ ዝናብ አይዘንብም፤ ሰፍሮ ይከርማል እንጂ፣
እንደ ቤተኛ እንግዳ፣ ስንቅ አስጨራሽ፣ እንጨት ፈጂ።
ጧት በአሥራ ሁለት ሰዓት ጫማዬ ውሃ ቀዝፎ
ከሰማያዊ ሸራ ሥር አደረሰኝ፣ እሱም አርፎ።

ወይዘሮ ሉየን ቁጢጥ ብላለች፣ ጉልበቷ እስከ ጆሮዋ፤
አንድ የትከሻ እንጨት፣ ሁለት ቅርጫት፤ ይኸው ነው መላ ሱቋ።
ቀይ የፕላስቲክ በርጩማ ገፋችልኝ፣ የሕፃን የሚመስል፤
ተቀመጥሁ፣ ጉልበቴ ካገጬ ጋር ተዋወቀ።

ምን እንዳለ በጣቴ ጠየቅኋት፤ በጣቷ መለሰች፦
ቀዝቃዛ ሩዝ፣ የትናንት፤
የሙዝ አበባ፣ እንደ ፀጉር የቀጠነ፤
የተቆላ ኦቾሎኒ፤
ግራጫ ድቁስ፣ ሽታው ቀድሟት የተዋወቀኝ፤
ከላዩም እፍኝ ሙሉ የወንዝ ዛጎል ሥጋ፣
አንዱ ከምስር ፍሬ የማይበልጥ።

ሩዙን አሙቂልኝ አልኋት፣ እፍ እፍ እያልሁ።
ሳቀች። አጠገቤ ያለው ሽማግሌም ሳቀ፣
ኪየም፣ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ነጂው።
የሱም እንግሊዝኛ ሰባራ፣ የኔም ሰባራ፤
ገጣጥመን አንድ ደህና ቋንቋ ሠራን፦
«ትኩስ ሩዝ ለሆቴል ነው።
ይህ ምግብ የተወለደው
የተረፈ ሩዝ መድፋት ነውር ከሆነበት ቤት ነው።
ካሞቅኸው ስሙን አጠፋኸው።»

እጄ ግን ሳህኑ ላይ ቆመ።
ክንፍና ቅርፊት የሌለው ውሃ አደር አይቀመስም ብሎ ያሳደገኝ ቤት
ከስንት ባሕር ማዶ ተነሥቶ አንጓዬን ያዘኝ።
ኪየም ባዶ ዛጎል አንሥቶ መዳፌ ላይ አኖረ፣
ጥፍር የሚያህል፣ ውስጡ ሐምራዊ።
ቅርፊትማ ይኸው፣ አልሁ ለራሴ፣ እንዲያውም ከሥጋው ይበልጣል፤
ክንፉን ማን ያውቃል፣ በልጅነቱ ጥሎት ይሆናል።
በላሁ።

ቃሪያው መጀመሪያ ዝም አለ።
ቀጥሎ እንደ ፈሪ ምስክር ሁሉንም ባንዴ ተናገረ።
እንባዬ ወረደ፣ ላቤ ተከተለ፣ ዝናቡ ሦስተኛ ሆኖ ገባ።
ወይዘሮ ሉየን መረቁን በጭልፋ ቀዳችልኝ፣
እንደ ጉም የነጣ፣ ዝንጅብል ዝንጅብል የሚል፤
ባሏ እስከ ወገቡ ወንዝ ገብቶ
ሌሊቱን ከአሸዋ ሲጭረው ያደረውን
እኔ በሁለት ጉንጭ ጨረስሁት።

ስነሣ የመቶ ሺህ ዶንግ ኖት ሰጠኋት።
ቆርቆሮዋን ነቀነቀች፤ መልስ የላትም።
ይሁን፣ ይቅር አልሁ በእጄ፣
በቸርነቴም አንድ ክንድ ያህል ረዝሜ ሄድሁ።

በማግሥቱ ሸራው የለም። በሦስተኛውም ቀን የለም።
ወንዙ ሞልቶ ዛጎሉን ከነአሸዋው ቀበረው፤
የደሴቲቱ ወንዶች መጭሪያቸውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው
ሰማይ ሰማይ ሲያዩ ዋሉ።
እኔ ሆቴሌ ውስጥ ዳቦና እንቁላል በላሁ፣
ማንም የሚበላውን፣ ማንም የማያስታውሰውን።

በአራተኛው ቀን፣ ሻንጣዬ በጀርባዬ፣ ባቡሬ ሊነሣ፣
ከሩቅ አየችኝ፤ ጭልፋዋን ወደ ላይ አነሣች።
ከቅርጫቱ ሥር በላስቲክ የተጠቀለለ ወረቀት መዘዘች፤
በእርሳስ ስድስት ሰረዝ።
ኪየም አስተረጎመ፦ «ስድስት ሳህን ይቀርሃል።
ብሩንማ በጎርፉ ሰሞን ልጆቹ በልተውታል።
የሰው ዕዳ ይዤ ወንዝ ሞላብኝ እያለች ስትብሰለሰል ሰነበተች።»

የረዘምሁት ክንድ ወዲያው አጠረ።
አንዱን ሳህን ቆሜ በላሁ፤ አንዱን ሰረዝ በጥፍሯ ፋቀች።
የቀረውን ለኪየም ስጪው አልሁ።
ኪየም ተቆጣ፦ «የኔ ወረቀት ሌላ ነው፤
የኔ ሰረዝ ወዲያ ነው የሚቆጠረው፣ እኔ ነኝ ያለብኝ!»

ብዙ ከተማ ሒሳቡን ዘግቶ፣ እጁን ታጥቦ ሸኘኝ፤
አንዱ ብቻ ነው፣ በርጩማ ይዞ፣ «ና፣ ዕዳ አለብኝ» ያለኝ።
ዝናቡ አልሸኘኝም፣ እንደ ልማዱ እዚያው ቀረ።
ከንፈሬ ግን እስከ ዳናንግ ጣቢያ ድረስ ይነድ ነበረ።